ሲታን የሚይዝ እጅ

«ኒንጋማ! አንቺ ኒንጋማ! በርበሬሽን አሰጣሽው? አስጪው እንጂ፣ እንዲህ ያለ ፀሐይ መቼ ይገኛል! እኔማ የራሴን ጣራ ላይ ዘርግቼ ወረድኩ፤ ጉልበቴ ግን ደረጃውን እንቢ እያለኝ ነው። የልጅሽ ሕፃንስ ጥርስ አወጣ? እሰይ! ይንከሳችሁ፣ ጤና ነው!»

ጉራቫ ይህን የምትለው አጥሩን ተደግፋ ነው። ከኋላዋ በረንዳው ላይ ባሏ ቪራና ለማታው የጥላ ትርዒት የቆዳ አሻንጉሊቶቹን እየወለወለ ተቀምጧል። በዚያ መንደር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። ጉራቫም ከተዳረች ወዲህ አንድ ቀን ጠርታው አታውቅም። ስም ሳይጠሩ ሰውን መንካት ደግሞ እንደ እሷ የሚችልበት የለም። ቤት ውስጥ የቪራና ወንድም ልጅ ሮሂኒ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። በየዓመቱ ከቤንጋሉሩ ከተማ በአውቶቡስ መጥታ ከነጩ መጋረጃ ጀርባ የሲታን አሻንጉሊት የምትይዘው እሷ ናት። ዘንድሮ ግን ጌም ሠራች፤ ጌታ ራማንና ሚስቱን ሲታን ስልክ ላይ አወጣቻቸው። ቪራናም ትናንት ገበያ መሐል «አማልክቱን አዋርዳለች፤ ከመጋረጃዬ ጀርባ አትገባም!» ብሎ ተናገረ።

«ትናንት ገበያ ነበርሽ? አንድ ትልቅ ሰው ሲናገር ሰማሽ? ኧረ እኔ ስም አልጠራም... ምን አለ መሰለሽ? "አምላክ በጣት አይገፋም!" አለ። እውነቱን እኮ ነው! አምላክ በጣት ይገፋል እንዴ? አምላክ የሚገፋው በቀርከሃ ዘንግ ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሁ ስንገፋው ኖረናል። በዘንግ ሲሆን አምልኮ፣ በአውራ ጣት ሲሆን ድፍረት... ይህን እኔ ማይሟ ብቻዬን እደርስበት ነበር? እንኳንም አዋቂ ኖረን!»

ቪራና መወልወሉን ገታ አደረገ፤ ከዚያ እንዳልሰማ ቀጠለ።

«ደግሞ ምን አለ? "ጌሙ ላይ ዝንጀሮው ሃኑማን ይሞትና መልሶ ይነሳል፤ ይህ በአምላክ መቀለድ ነው።" ልክ ነዋ! የኛ ሃኑማን መቼ ሞቶ ያውቃል? ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ... ታስታውሻለሽ? ያዡን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት፣ ጅራቱ ፋኖሱ ውስጥ ገብቶ ቦግ ያለ ዕለት! በጅራቱ እሳት የጠላትን ከተማ ማጋየት ሲገባው መጋረጃችንን አጋየው! እኔና አንቺ ባልዲ ይዘን ስንራወጥ... ሆሆ! ሰዉ ግን እንደዚያ ዓመት አጨብጭቦ አያውቅም። አየሽ፣ የአዋቂ ጥፋት እንኳ ያምራል። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የሚባለው ለሴት ነው፤ ወንድ ሲሆን "ሃይማኖት ጠበቀ" ይባላል።»

ኒንጋማ ከአጥሩ ማዶ የሳሪ ልብሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ ሳቋን ታፍናለች።

«ልጅቷማ ምን ታውቃለች? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። የከተማ አለቆቿ "ለራማ ጡንቻ ደርድሪለት፣ የሲታን ልብስ አሳጥሪው፣ የሚሸጠው እንዲህ ነው" ሲሏት፣ "አጎቴ ያስተማረኝ እንዲህ አይደለም፤ የራማ ወገቡ ቀጭን፣ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ሲታም እስከ እግሯ የተሸፈነች ናት" ብላ ሥራዋን ልታጣ ነበር አሉ። ምን ዓይነት ግትርነት ነው? ትልቅ ሰው ያስተማረውን እንዲህ ሙጭጭ ይሉታል? ረስቶ መገላገል ነው እንጂ! የአንዳንዱ ሰው ወንዶች ልጆች አልረሱም? እዚያው ቤንጋሉሩ ታክሲያቸውን እየነዱ፣ አንድ ዘንግ ሳያነሱ፣ ማንም ሳይቆጣቸው ይኖራሉ። ብልጦች!

«ከሁሉ ያስገረመኝ ግን "አምላክና ጋኔን አንድ ስልክ ውስጥ ታጨቁ" ያለው ነው። በደንባችን አሻንጉሊቶቹ ሲጠቀለሉ አማልክቱ ለብቻ፣ አጋንንቱ ለብቻ ነው የሚታሰሩት፤ አንድ ጥቅል ውስጥ ካደሩ ይጣላሉ። ደንብ አዋቂ ነዋ! ያን ከተማው ሆቴል ውስጥ የተሰቀለውን አሮጌ ራማ አይተሽዋል? ማን እንደሸጠው... ውይ፣ እኔ ምን አውቄ! ለብቻው ነው የተሰቀለው፤ አንድም ጋኔን አጠገቡ የለም። ሆዱ ውስጥ አምፖል አስገብተውለት፣ ዶሮ የሚግጡ ሰዎች አናት ላይ ቦግ ብሎ ያበራል። አባቶቻችን ያረጀ አሻንጉሊት እንደ ሬሳ አልቅሰው ለወንዝ ይሰጡት ነበር፤ አላወቁበትም! አሁን አምላክ በስተርጅናው የመብራት ሽፋንነት ሥራ አገኘ። ይህ ውርደት ነው? በፍጹም! ውርደት ያለው ስልክ ላይ ነው።»

በረንዳው ላይ አንድ ነገር ወደቀ። ቪራና ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ሲታ ናት። ጆሮው ደም መስሏል። ጉራቫ ዞራ አላየችውም። ይህን ሰው ትወደዋለች፤ ልጅቷንም ትወዳታለች። ዛሬ ሮሂኒ አልቅሳ አውቶቡስ ከተሳፈረች ሁለተኛ እንደማትመለስ ታውቃለች፤ ይህ ሁሉ ምላስ ለዚያ ነው።

«ማታ ትመጫለሽ አይደል? ሲታን የሚይዛት ያ ሳል የማይለቀው አማቻችን ነው አሉ። ይያዛት! ሲታ ጫካ ተሰዳ ስትኖር ብርድ አይመታትም እንዴ? ታስል! "ልጅቷ ለምን አትይዛትም?" የሚል ሞኝ አለ። እሷ ስትይዛት እኮ ሲታ ታለቅሳለች፤ ሰዉም አብሮ ያለቅሳል። በበዓል ቀን ለቅሶ ምን ያደርጋል? ደግሞ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንዳልባል... ተይኝ፣ ዝም ብያለሁ።»

ቪራና ሲታን እንደያዘ ተነስቶ በሩ ደፍ ላይ ቆመ። ውስጥ ሮሂኒ አለች፤ ውጭ ሲታን የሚረከበው ሳል ያለበት አማቹ ይጠብቀዋል። እግሩ ወዴትም አልሄደም። ጉራቫ ድምፅዋን ማር አስመስላ ከፍ አደረገችው።

«በይ ኒንጋማዬ፣ ልግባ። እኔ ለዚያ ሰው ክፉ አልመኝለትም። ዕድሜና ጤና ይስጠው! ክብሩን የሚጋራው አይምጣበት። ከመጋረጃው ጀርባ ጎኑ ተቀምጦ ዘንጉን የሚቀበለው እጅ አይድረስበት። የዛሬ መቶ ዓመት የዚህ አገር ልጆች "ራማን በመጋረጃ ያጫውት የነበረ ማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ... "የመጨረሻው እሱ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ማንም አልመጣም" ይባልለት።»