ካምሪው ቫቫኡ ላይ ነው

እሺ፣ ማይኩ ይሠራል? ከኋላ ይሰማል? ኦኬ። ጋሽ ማናሴ፣ እባክዎ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ፣ ከግርማቸው ጀርባ አይደበቁ። ለነገሩ እርስዎን የሚደብቅ ጀርባ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የለም።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። ዘጠና አምስት፣ ኦክቶበር፣ ሰኞ ጠዋት። አቶ ጌታሁን ሃውቶርን ላይ የኤርፖርት ፓርኪንጉን ከከፈቱ ገና አራት ወራቸው ነው። አንድ መካኒክ "ማናሴ የሚባል ጨዋ ሰው አለ፣ ሥራ ይፈልጋል" ብሎ ስልክ ሰጣቸው። አቶ ጌታሁን ማናሴ የሚለውን ስም ሲሰሙ የጎንደር ልጅ ነው ብለው ደመደሙ። ደውለው በእንግሊዝኛ ሁለት ደቂቃ አወሩና ቀጠሯቸው። "ትሁት ነው፣ አገር ቤት ሳለ መምህር ሳይሆን አይቀርም" አሉን። እኛም ያገር ልጅ ሊመጣ ነው ብለን ፍርፍር ይዘን ጠበቅን።

ከዚያ የቢሮው በር ተከፈተ፤ ክፍሉም ጨለመ። በሩ ላይ የቆሙት ሰው በሩን ሞልተውት ነበር። አቶ ጌታሁን ቀና ብለው አዩአቸውና ወደ እኔ ዞር አሉ። "ትርሲት፣ በስልክ እንዲህ አይመስልም ነበር" አሉኝ። ጋሽ ማናሴ የሦስት ሰው ፍርፍር ብቻቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ "ሥራው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቁ። ማንም መልሶ ለማባረር አልደፈረም። የቅጥር ሂደቱ ይኸው ነበር።

ከቶንጋ ነኝ አሉ። ማናችንም የት እንደሆነ አናውቅም። ግርማቸው ግን "አውቀዋለሁ፣ ከጃማይካ አጠገብ ነው" አለ። ግርማቸው ዛሬ የእድራችን ሊቀመንበር ነው፤ ያኔም ሁሉን ያውቅ ነበር።

አማርኛ ማንም አላስተማራቸውም። ሬዲዮ ነው ያስተማራቸው። መንገደኛ ወደ ተርሚናል የሚያመላልሱት የሻትል ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ እሳቸው ገንዘብ መቀበያው ቡዝ ውስጥ ተቀምጠው ይሰማሉ። በሁለተኛው ዓመት ላይ ግርማቸው ከተርሚናል አራት፣ "ይኼ ተራራ ዛሬ ምሳዬን ፍሪጅ ውስጥ ያስተርፍልኝ ይሆን?" ብሎ በሬዲዮ ጠየቀ። ከዚያ ወፍራም ድምፅ "ግማሹን አስተርፌልዎታለሁ፣ አቶ ግርማቸው" አለ። ግርማቸው የዚያን ቀን ተሳፋሪውን ሌላ ተርሚናል አወረደ።

አንቱታቸውንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ቢቀጠር አንቱ ነው። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ልጆቹን አንተ በሏቸው እንጂ፣ እየተሸማቀቁ ነው" አልኳቸው። "በኛ አገር ለንጉሥ ሌላ ቃል አለ፣ ለመኳንንት ሌላ፣ ለተራው ሰው ሌላ" አሉኝ። "የናንተ አንድ አንቱ ብቻ ነው፤ እሱን ካጣሁማ ምን ቀረኝ?"

አሁን ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ወደ ሎቱ ልምጣ። እኛ ረድፎቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብለን ነበር የሰየምናቸው። ጋሽ ማናሴ ይህን ፊደል አልወደዱትም። በፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ካርታ ሠሩ። ደቡብ ላይ፣ ከቡዙ አጠገብ ያለው ሜዳ ቶንጋታፑ ሆነ፤ ዋና ከተማው ያለበት ትልቁ ደሴት። መሀል ላይ ያሉት ዝቅ ዝቅ ያሉ ረድፎች ሃአፓይ። ከፍ ብሎ ወደ ሰሜን፣ አስፋልቱ አቀበት የሚሆንበት ቫቫኡ፤ የትውልድ ቦታቸው ነው፣ መኪና በደንብ አስተካክሎ ያላቆመ ሰው እዚያ አይላክም። መጨረሻ ላይ ከአጥሩ ሥር ያለው፣ ማንም የማይደርስበት፣ ኒዋ። ዋናውን ካርታ ብታዩት ልክ ነው፤ በአቅጣጫ አልተሳሳቱም። "መቶ ሰባ ደሴት ገደማ አለን፣ ሰው የሚኖርበት ሠላሳ ምናምኑ ነው" ይሉ ስለነበር፣ ዘይት የሚፈስባቸውን ቦታዎች ባዶ አስቀሯቸው። ሰው የማይኖርባቸው ናቸው።

ከቢሮው በር ፊት ለፊት ያሉት ዘጠኝ ጥላ ያላቸው ቦታዎች የመኳንንት ናቸው። አስረድተውናል፤ ፓርላማቸው ሃያ ስድስት ወንበር አለው፣ አሥራ ሰባቱን ሕዝብ ይመርጣል፣ ዘጠኙን መኳንንቱ ከራሳቸው መሀል። ሶ፣ ሜርሰዲስ ሲመጣ መኳንንት ነው። ኮሮላ ሕዝብ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ባረጀ ኮሮላ መጥቶ ጥላ ሥር ልቁም ቢላቸው፣ "ጌታዬ፣ እርስዎ የተመረጡት በሕዝብ ነው" አሉት። ሰውየው ደስ ብሎት ፀሐይ ላይ ፓርክ አደረገ። አሥረኛው ቦታ ደግሞ የንጉሡ ነው፤ ማንም አይቆምበትም። አቶ ጌታሁን የሎቱ ባለቤት ሆነው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነው ያቆሙት። ሁለት ጊዜ የቅጣት ቲኬት ተቆርጦባቸዋል።

ይልቃልን ጠይቁት። ይልቃል አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቶ የመጣ ሰው ነው። በመጀመሪያ ቀኑ አንዲት ካስተመር በርባንክ ከተማ ያለ ስብሰባ ረፍዶባት እየሮጠች መጣች። ይልቃል በሬዲዮ "ነጩ ካምሪ የት ነው?" አለ። "ካምሪው ቫቫኡ ላይ ነው" አሉት። ይልቃል በባንክ ቤት ትሕትና ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ "ይቅርታ፣ መኪናዎ ቫቫኡ ሄዷል" አላት። "መቼ ነው የሚመለሰው?" ብላ ጮኸች። ይልቃልም ይህንኑ በሬዲዮ ጠየቀ። ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት ደረስኩ።

ስለ ሕዝቡ ብዛትም ነግረውናል፤ መቶ ሺህ ገደማ። ሃውቶርንና ጎረቤቷ ጋርዴና ቢደመሩ ይበልጧቸዋል። ግርማቸው ይህን ሲሰማ "ይቺማ ክፍለ ከተማ ናት፣ እኛ እኮ ንጉሠ ነገሥት ነበረን" አላቸው። ጋሽ ማናሴ ቁልፍ እየሰቀሉ፣ "አዎ፣ ነበራችሁ" አሉት። ግርማቸው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መልስ ሲፈልግ ነበር። አሁንም እየፈለገ ነው፣ ፊቱን እዩት።

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ ማርች ላይ ደግሞ ጋሽ ማናሴ ጥቁር ለብሰው፣ በአገራቸው የሐዘን ወግ ወገባቸው ላይ ትልቅ ሰሌን ታጥቀው ሥራ ገቡ። "ምነው ጋሼ?" አልኳቸው። "ሞተብን" አሉኝ። እኛ ሞተብን የሚል ቃል ከሰማን ማን ሞተ ብለን አንጠይቅም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ወንበር ይዞ ቡዙ በር ላይ ተቀምጧል። ንፍሮ መጥቷል። ግርማቸው በእድሩ ስም ሊያጽናና ተነሥቶ፣ "ለመሆኑ ሟቹ ምንዎ ናቸው?" አለ። "ንጉሤ" አሉ። ግርማቸው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ደንቡ የሚለው አባት፣ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ነው። ንጉሥ የሚል አንቀጽ የለንም። እዚያው ለቅሶው ላይ ስብሰባ ተደረገ፤ በሰባት ድምፅ ለአራት "አባት" በሚለው ሥር ተመዘገበ። አንድ ካስተመር መጥቶ "ዘግታችኋል እንዴ?" ሲለን አቶ ጌታሁን "ንጉሥ ሞቶብን ነው" አሉት። "የየት አገር?" አላቸው። አገሩ ለጊዜው ጠፋባቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ከዚህ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ሁሉ የሳቸው ነበር" አሉ።

እንግዲህ እሑድ ቀርቷል። ጋሽ ማናሴ እሑድ አይሠሩም። በአገራቸው ሕገ መንግሥት ሰንበት የተከበረች ናት፤ ሱቅ አይከፈትም፣ አውሮፕላን አይነሣም። አቶ ጌታሁን "ማናሴ፣ የቶንጋ ሕገ መንግሥት እኮ ሃውቶርን አይደርስም" ብለዋቸው ነበር። "ሕገ መንግሥቱ አይደርስም፣ እኔ ግን ደርሻለሁ" አሏቸው። አለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ አልሠሩም። እኛ ቅዳሴ እንሂድ ብለን ስንለምን፣ እሳቸው ሳይለምኑ ይቀሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ነገር ተናድጄባቸው አውቃለሁ።

አሁን ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

ባለፈው ሜይ ካንሰር ተገኘብኝ። የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ያላወቃችሁ አሁን አወቃችሁ። የኔ ሺፍት ከሐሙስ እስከ እሑድ ነው። አቶ ጌታሁን፣ አይቀየሙኝና፣ "ትርሲት፣ ቦታሽን ልጠብቅልሽ እፈልጋለሁ፣ ግን የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ ሌላ መቅጠሬ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሎቱ አይዘጋም። ጋሽ ማናሴ ቁልፍ እየሰቀሉ ነበር። ዞር ሳይሉ፣ "እኔ እይዝላታለሁ" አሉ። የራሳቸው ሥራ እንዳለ ሆኖ።

"እሑድስ?" አሏቸው አቶ ጌታሁን።

"እሑድንም።"

ሃያ ስምንት እሑድ ሠሩልኝ። ቆጥሬያለሁ፣ ሌላ የምቆጥረው ነገር አልነበረኝም። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰሌናቸውን ታጥቀው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። አንድ እሑድ ከአልጋዬ ሆኜ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ሕገ መንግሥቱስ?" አልኳቸው። "አይተነዋል" አሉኝ። "የሚከለክለው ሥራን ነው። ለእርስዎ መቀመጥ ሥራ አይደለም።" ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያን ቀን አልነገርኳቸውም፤ አሁን እየነገርኳቸው ነው።

ዲሴምበር ላይ ወደ ሥራ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን የቡዙ ስልክ ጮኸ። አንዲት ሴት፣ ከሩቅ፣ በእንግሊዝኛ፣ "አጎቴ ማናሴ እዚያ ነው የሚሠራው? ሁለት ወር ብቻ ቀረ በይልኝ" አለችኝ። "ለምኑ?" አልኳት። ነገረችኝ። ታላቅ ወንድማቸው ባለፈው ፌብሩዋሪ ዘጠኝ ቫቫኡ ላይ አርፏል፤ ወንድ ልጅ የለውም። የአባታቸው መሬት፣ ስምንት ኤከር ከሩብ፣ ለሳቸው ይደርሳል። የዚያ አገር መሬት አይሸጥም አይገዛም። ወራሹ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ካልጠየቀ ግን ለአካባቢው መኳንንት ይመለሳል። ቤተሰቡ ደግሞ ራሳቸው መጥተው፣ መኳንንቱ ፊት ተቀምጠው እንዲጠይቁ ነው የሚፈልገው።

ገባችሁ? እኔ በተኛሁባቸው ወሮች ሁሉ የሳቸው ጊዜ እየነጎደ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?" አልኳቸው።

"ከፌብሩዋሪ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልሄዱም?"

"ሺፍት ነበረኝ።"

"አሁን እኮ ተመልሻለሁ። ይሂዱ።"

"የመጨረሻ የምርመራ ውጤትዎን ልስማና።"

"ውጤቱ እኮ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ነው! መሬቱስ?"

"መሬቱን መኳንንቱ ይወስዱታል" አሉኝ። "ደግ ሰዎች ናቸው።"

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይደረጋል? አቶ ጌታሁን የጡረታውን ወረቀት አምጥተው አስፈረሟቸው። ግርማቸው ቲኬት ቆረጠ፤ ከነገ ወዲያ ሰኞ ማታ ይነሣሉ፣ በፊጂ በኩል አድርገው ረቡዕ ጠዋት ይወርዳሉ። መሀል ላይ ያለውን ማክሰኞ፣ ቀን የሚለወጥበት መስመር ስላለ፣ ውቅያኖስ ይበላዋል፤ አየር መንገዱን ጠይቀናል፣ ቀኑን አይመልሱም። ጋሽ ማናሴ ግን ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋትም፣ እዚህ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይም ያሉኝ አንድ ነገር ነው። "ቲኬቱ ይቀየራል፣ ውጤትዎን ሳልሰማ አልሄድም።" እናንተ የሽኝት ግብዣ ላይ ያላችሁ መስሏችኋል። እሳቸው ምሳ ሊበሉ ነው የመጡት።

ሶ፣ ጋሼ፣ ይስሙኝ። ከአዲስ ዓመት ማግስት ጀምሮ ሐኪሜን በየቀኑ ደወልኩለት። ነርሷ ድምፄን ስትሰማ ስልኩን ታቀብለው ጀመር። "አንድ ሰው መሬት ሊያጣ ነው፣ ምርመራውን አስቀድምልኝ" አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ቶንጋ የት እንደሆነች ነገርኩት፣ ስለ መኳንንቱ ነገርኩት፣ ስለ ፓርላማው ልጀምር ስል "በቃ፣ ማክሰኞ ነይ" አለኝ።

ማክሰኞ ሄድኩ። ትናንት፣ አርብ፣ ደወለልኝ። ለባሌም አልነገርኩም፣ እዚያ ተቀምጧል፣ አሁን ነው የሚሰማው። ይቅርታ፣ የኔ ጌታ፣ አንደኛ ማወቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

ንጹህ ነው። ምንም የለም። ጋሼ፣ ድኛለሁ።

አይነሡ፣ አይነሡ፣ ገና አልጨረስኩም። ኧረ የወደቀውን ወንበር አንሡላቸው። ግርማቸው፣ መሀረብ ስጣቸው፣ አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?

እሺ። እኔ ለእርስዎ የምከፍለው ነገር የለኝም፤ ቢኖረኝም አይቀበሉኝም። ቦታዬን ብቻ ሳይሆን እኔን ነው የያዙልኝ። ብዙ እሑድ ጠዋት ለመነሣት ምክንያት ሲጠፋኝ፣ አንድ ሰው ስለኔ ብሎ ቡዝ ውስጥ ተቀምጧል እያልኩ ነው የተነሣሁት። ይህን ሳልነግርዎ ቢሄዱ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። አሁን ይሂዱ። መሬትዎን ይረከቡ፣ ጎደሬዎን ይትከሉ፣ አባትዎ በቆሙበት ይቁሙ። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ።

ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ። ጠጅ የያዛችሁ ጠጅ፣ አምቦ ውሃ የያዛችሁ አምቦ ውሃ። ይህን ቃል በየሠርጉና በየክርስትናው ሳናስበው ስንለው ኖረናል። ዛሬ ግን አስበን፣ ቀስ ብለን፣ እያንዳንዳችን የምንለውን እያወቅን።

ለጤናችን።