የባለክርኑ ግራ ጉንጭ

አንድ ረፋድ ላይ ባለክርኑ የመንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ፎቶ ሊነሣ ወደ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ጎራ ሲል፣ የእህቱን ልጅ መስተዋት ፊት ቆማ ፀጉሯን ስታስተካክል አገኛት። ልጅቷ የዓይን ሕክምና ተምራ ከተመረቀች ገና መንፈቅ አልሞላትም፤ ለሥራ መታወቂያ ፎቶ ልትነሣ ነበር የመጣችው። ተሳሳሙ። ወንበሩ ላይ የተጋደመውን ጃንጥላዋን ሲያይ ግን ሳቁ መጣ።

«ደመና እንኳ የለም እኮ ልጄ፤ ይኼ ለምንድን ነው?»

«ለፀሐዩ ነው አጎቴ።»

«ለፀሐይ! ቅቤ ነሽ እንዴ የምትቀልጪው?»

ባለክርኑ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሲነዳ እጅጌውን ሰብስቦ የግራ ክርኑን መስኮቱ ላይ ሳያስደግፍ ያየው ሰው የለም። ያ ክንዱ ከሰል መስሏል፤ እሱም ይኮራበታል። ለመልኩ የሚጨነቅ ሰው ግን አይጥመውም፤ ቅባትና ጥቁር መነጽር ሥራ የፈታ ጎረምሳ ጌጥ ነው ባይ ነው። በዚያ ሰሞን ታዲያ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶት ነበር። የግራ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፣ አልፎ አልፎም መንገዱን ያደበዝዝበታል። ፈቃዱን ለማሳደስ ደግሞ የዓይን ምርመራ ማለፍ ግድ ነው። ይህን ጭንቀቱን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ፎቶ አንሺዋ አንሥታው ስትጨርስ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችና ትንሽ አቅማማች።

«አባባ፣ ቅር ካላለዎት ግራውን ከቀኙ ላመሳስልልዎ?»

«ምኑን ነው የምታመሳስዪው?»

እንዴት ብላ እንደምትነግረው ቸገራትና አጠገቧ ከነበሩት ፖስታዎች አንዱን አንሥታ የግራ ጉንጩን ሸፈነችው። የቀረው ግማሽ ፊት የአንድ ጎልማሳ ነበር፤ ቆዳው ያልተጨማደደ፣ የሠርጉ ሰሞን ራሱን የሚመስል። ፖስታውን ወደ ቀኙ ስታዞረው ግን ሌላ ሰው ብቅ አለ፤ ጉንጩ የተሸበሸበ፣ ቆዳው የጠቆረና የተጎረበጠ፣ የዓይኑ ሥር ከረጢት ያበጀ ሽማግሌ። ባለክርኑ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ። አባቱ ከመቃብር ተነሥቶ በግማሽ ፊቱ የሚያየው መሰለው።

«ትራሱ ነው!» አለ በመጨረሻ። «በግራ ጎኔ ስለምተኛ ነው። ሚስቴም አውቃ ለስላሳ ትራስ ገዝታልኛለች።»

የእህቱ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ምስኪን ትራስ፣ በማያውቀው ተከሰሰ! ይልቅ ሲነዱ መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በግራ...» አለና ጉንጩን ዳሰሰ።

«ፀሐይዋ ናታ።»

«መስታወቱን ስዘጋውስ?»

«የጎን መስታወት የሚለበልበውን ጨረር ያስቀራል፤ ቆዳ የሚያስረጀውን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። እርስዎ ደግሞ መቼ ይዘጉታል!»

በተከፈተው በር የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ባለክርኑ ዕድሜ ልኩን ሲረግጠው የኖረውን ብርሃን ገና ዛሬ ያየው ይመስል ትክ ብሎ አየው። ፀሐይዋ ያን ያህል ርቀት ተጉዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ መኪናው ውስጥ ገብታ፣ ከአንድ ሰው ሁለት ሰው ሠርታለች። እሱ ጭነቱን ሲያደርስ እሷም የራሷን ሥራ ስትሠራ ኖራለች! ፍርሃትም አድናቆትም ባንድ ላይ ያዙት።

እንዲህም ሆኖ እጁን ቶሎ አልሰጠም። ሰው የለመደው ነገር ሲነካበት መጀመሪያ የሚያነሣው ክብሩን ነውና።

«እሺ፣ አረጀሁ እንበል። ወንድ ልጅ ጉንጩ ቢሸበሸብ ምን ይለዋል? እናንተ ቅላታችሁ እንዳይሄድ ነው የምትከናነቡት።»

«ላልዋሽዎት፣ እኔም ጃንጥላ የያዝኩት መጀመሪያ ላለመጥቆር ብዬ ነበር፤ አንገቴንና እጄን ረስቼ ፊቴን ብቻ ሳድን ነው የከረምኩት። በሌላ አገር ደግሞ ለመጥቆር ብለው ፀሐይ ላይ ተሰጥተው የሚውሉ አሉ።»

«ሆን ብለው?»

«ሆን ብለው። አንዱ ለመቅላት ይሸሻታል፣ ሌላው ለመጥቆር ይሰጣላታል። ሁለቱም የጠየቁት መስተዋቱን ነው፤ ቆዳቸውን የጠየቀ የለም። መጥቆር ነውር አይደለም አጎቴ። ገላ ሲጎዳ ለራሱ የሚዘረጋው ጃንጥላ ነው፤ ግን ስስ ነው፣ ብቻውን አይበቃም።»

«እኔ ግን ለመልኬ ተጨንቄ አላውቅም።»

«እንግዲያስ ክርንዎን መስኮቱ ላይ የሚያሳርፉት ለምንድን ነው?»

«ለነፋሱ።»

«ሲበርድስ?»

ባለክርኑ ጣሪያውን አየ፣ ፎቶ አንሺዋን አየ፣ ጫማውን አየ።

«ያምርብኛላ!» አለ።

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር፤ ሲስቅም የግራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጅቷ ሳቋን አቋርጣ ቀረበችው፤ በስልኳ መብራት ዓይኑን አየችው።

«ከነጩ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋ አለ። ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ የሚያመጡት ነው። ብሌኑ ላይ ከደረሰ እይታዎን ይጋርደዋል።»

«ፈቃዴስ?» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ሌላ ሥራ አላውቅም እኮ ልጄ።»

«ገና አልደረሰም። ነገ እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ይምጡ፣ በደንብ ይታያል። ካደገ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ እንዳይብስ ግን ከዛሬ ይጀምሩ። ጨረር የሚከላከል መነጽር ያድርጉ፤ የጠቆረ ሁሉ አይከላከልም፣ ሲገዙ ይጠይቁ። እጅጌዎን ያውርዱ፣ ሰፊ ባርኔጣ ይኑርዎ፣ ቅባቱንም ጆሮና አንገት ሳይረሱ ይቀቡ።»

«ፎቶውን ላስተካክለው?» አለች ፎቶ አንሺዋ።

«እንዳትነኪው! አንድ ተለቅ ያለም አትሚልኝ።»

በማግስቱ ታየ። ሥጋው ብሌኑ ጋ አልደረሰም፤ ክትትል እንዳያቋርጥ ተነግሮት ፈቃዱ ታደሰለት። የመኪና ማቆሚያው ጓደኞቹ ባርኔጣና መነጽር አድርጎ ሲያዩት «የሰውዬውን ክርን ምን በላው?» ብለው ተሳለቁበት። እሱም ፎቶውን አውጥቶ፣ በመዳፉ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን እየሸፈነ አሳያቸው። ሳቁ በረደ። አንድ ሁለቱ ተደብቀው የመኪናቸው መስተዋት ውስጥ ጉንጫቸውን ሲያነጻጽሩ ታዩ። እያደር የዓይኑ መቆጥቆጥ ቀነሰ፤ አመሻሽ ላይም ቀልቶ መግባቱን ተወ።

ሚስቱ ግን ፎቶውን ኪሱ ውስጥ አገኘችው። ያኔ ስለ ዓይኑ የደበቃትን ሁሉ ነገራት። አልተቆጣችም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የግራውን ጉንጭ በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይኼ ያገባሁት ነው» አለች። ቀጥላ ቀኙን ሸፈነች፤ የተሸበሸበውን ጉንጭ ብዙ አየችው። «ይኼ ደግሞ መንገድ ላይ ያረጀብኝ ነው።»

«የትኛው ይሻልሻል?»

እጇን ከፎቶው ላይ አነሣች።

«ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ» አለች። «ሁለቱም እንዲያዩኝ ግን እፈልጋለሁ።»