በግ የጠየቀኝ ስልክ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ጉና ሥር ካለው ቤቴ አንድ ኮት ለባሽ መጣና «ከደብረ ታቦር የተላክሁ ግብር ሰብሳቢ ነኝ» አለኝ። ከኮረጆው ስልክ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈና «እሺ ጌታዬ፣ ወፍራሙን በግ» አለ። የጣሊያን ስልክ ሽቦው በእንጨት በእንጨት ተዘርግቶ እንደሚሄድ አገር ያውቃል፤ የዚህኛው ግን ተበጥሶ ጉልበቱ ላይ ይወዛወዛል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ጌታው፣ እስቲ እኔም ላናግራቸው» ብዬ ተቀበልሁት።

ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ «እሺ» አልሁና «አለቃዎ፣ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥራችሁ፣ ቁራኛ ሆናችሁ ደብረ ታቦር ኑ ብለዋል» አልሁት። የነጠላዬንም ጫፍ ከኮቱ ጋር መቋጠር ጀመርሁ።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ኧረ በማርያም እመይቴ፣ ይኼ እኮ አይናገርም» አለኝ።

«ታዲያ በጌን የጠየቀኝ ማነው?» አልሁት።