ብረት የማይገባበት ደን

እንግዶቻችን፣ ባልደረቦቼ፤ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው አያ አለበል የተቀጠሩ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ አገኘ፣ ጠመንጃ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደን ዘበኛ ሊሆኑ ሲመጡ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ወርካ አይተው ጠመንጃቸውን ከአጥር ውጭ አስደግፈው ገቡ። ሹማችን አቶ ፋንታሁን «ምነው፣ መሣሪያህስ?» ቢሏቸው፣ «ከትልቅ ዛፍ ሥር ብረት ይዤ አልገባም ጌታዬ፤ እኛ አገር ጭልጋ እንዲህ ነው» አሉ። ሲወጡ ጠመንጃው የለም። አቶ ፋንታሁን አሁን ይሥቃሉ፤ ያን ዕለት አልሣቁም።

ከእርሳቸው ጋር ጭልጋ የወረደ ሁሉ ያውቃል፤ ከደኑ ጠርዝ ሲደረስ ሰንጢው፣ መጥረቢያው፣ የመኪናው ቁልፍ ሳይቀር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ሾፌራችን ሸዋአየሁ «አያ፣ ቁልፍ ዛፍ ይቆርጣል እንዴ?» ቢላቸው፣ «አይቆርጥም፤ የሚቆርጡትን ያመጣል» አሉት።

ሣቁን ልተወው። የጭልጋ ሽማግሌዎች ያን ደን ከአያቶቻቸው ተረክበው ነው የሚጠብቁት። የወደቀው እንጨት ለባልቴት ነው፤ ቤት የሚሠራም ተመክሮበት ከዳር ካለው ይሰጠዋል። እኛ ካርታ ዘርግተን «የመንግሥት ነው» ስንላቸው ፊታቸውን አዞሩብን። ያስታረቁን አያ ናቸው። ከደኑ የሚፈልቀው ምንጭ ዛሬም የማይደርቀው በዚያ እርቅ ነው። አያ፣ ስለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

ግን ፈርቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ሰኞ የእንጨት መሰንጠቂያው ሰዎች ደኑን ሊያዩ ይወርዳሉ፤ መንገድ መሪያቸው እንድሆን የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ከታዘዝኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። «መጋዛችሁን ድንጋዩ ላይ አኑሩ» ብል ማን ይሰማኛል? ሽማግሌዎቹስ እኔን ምን ብለው ያምናሉ? የሚያውቁት የእርስዎን ፊት ነው። አንድ ዛፍ ከወደቀ ያ ሁሉ እርቅ አብሮ ይወድቃል።

እኔ ዛሬ ስገባ ሰንጢዬን ደጅ ትቼ ነው የመጣሁት። ዘበኛ ግን አቁሜበታለሁ።

በሉ ብርሌያችሁን አንሡ። አያ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ በልጅ ልጅ ይከበቡ፤ ደጅዎ ጥላ አይጣ። እመት አዛለች፣ እርስዎ ደግሞ ባለቤትዎን ለዕረፍት ሲጠብቁ እንደኖሩ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጡረታው ከማክሰኞ ይጀምር። ሰኞን ያውሱኝ።