ያልተጠየቁት አባት

ዳይሬክተሯ ያን ቀን ቸኩላ በጤና ጣቢያው ጓሮ ባታቋርጥ ኖሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የመራችውን የግድግዳ ሥዕል ማኅበር በኩራት አስረክባ ጡረታ በወጣች ነበር። የጓሮው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሰው አይሄድበትም። እዚያ መሃል ግን አንድ አዛውንት በከዘራ ተደግፈው ሲንሸራተቱ አየችና ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ።

«አባባ፣ ምነው በዚህ ጭቃ? ዋናው መንገድ አስፋልት አይደለም እንዴ?»

«በዋናው መንገድ ልጄ አለች» አሏት።

ደነገጠች። ነርሷ ልጃቸው በወረርሽኙ ጊዜ ሕመምተኞች ስታስታምም በዚያው በሽታ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ወር ማኅበሩ በጤና ጣቢያው የፊት ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቅ አሳክሎ ሥሏታል። የዳይሬክተሯ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ምረቃው ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«እኔ ደግሞ ደስ የሚልዎት መስሎኝ! የመረጣት እኮ የሰፈሩ ሕዝብ ነው፣ አባባ። ትናንሽ ሴት ልጆች ከሥሯ ቆመው ‹እኔም ነርስ እሆናለሁ› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ ካልሆነ ነገ ማን ያስታውሳታል?»

«ሕዝብ የምትዪው እኔን ቀንሰሽ ነው?»

ዳይሬክተሯ በንግግር አትታማም፤ ስንቱን ሹም አሳምና ግድግዳ የተቀበለች ሴት ናት። አሁን ግን የሠራችውን በልቧ ቆጠረች። ጤና ጣቢያውን አስፈቅዳለች፣ ወጣቶቹን ሰብስባለች፣ ፎቶግራፉንም ከነርሷ የሥራ ማኅደር አስወጥታለች። የልብስ ሰፊውን በር ግን አላንኳኳችም። አባት እንዴት እምቢ ይላል ብላ ነዋ! የደግ ሰው በሽታው ይኸው ነው፤ ስጦታው እንደሚወደድለት ራሱ ወስኖ ይመጣል።

«አየሽ» አሉ አዛውንቱ፣ «እኔ ፎቶዋን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬአለሁ። ስችል አወጣታለሁ፤ ሳልችል እዘጋዋለሁ። እናንተ መክደኛ የሌለው ነገር ሠራችሁብኝ። ደግሞ ጥርሷን ሞልታችሁታል። ልጅ ሆና ከስፌት መኪናዬ ጋር ተጋጭታ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ለዚያ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው ባዳ ናት፤ ዓይኗ ግን የልጄ ነው። ይኼን እንዴት ልቻለው?»

«ጥርሷን እናስተካክለዋለን፣ አባባ።»

«አርባ ዓመት ስሰፋ ባለቤቱን ሳላናግር ጨርቅ አልቆረጥኩም። አንቺ ቆርጠሽ ጨርሰሻል እኮ። አሁን ምኑን ታስተካክዪዋለሽ?»

«እንግዲያው ላጥፋው?»

አዛውንቱ ከዘራቸውን ከጭቃው ነቀሉ።

«አጥፊው።»

የማኅበሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ጮኹባት። የጥሪ ካርዱ ተበትኗል፣ እንግዶቹ እሺ ብለዋል፣ ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ የሰው ሁሉ ድካም ገደል ይግባ ወይ አሏት። እሷ ግን መሰላሉ ላይ ራሷ ወጥታ ፊቱን በግድግዳው ቀለም ሸፈነችው። ከሥዕሉ የሕፃን ክንድ ላይ ፋሻ የሚያስሩ ሁለት እጆች ብቻ ቀሩ። በማግሥቱ ለአዛውንቱ ልትነግር ቤታቸው ሄደች።

«ጠፋች?»

«አዎ፣ አባባ።»

ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው አልተነሡም። «ይኸው ሁለተኛ ሞተችብኝ» ብለው አለቀሱ። «አንቺን አልወቅስም፤ አጥፊው ያልኩሽ እኔው ነኝ። ግን መጀመሪያውኑ መጥተሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ማየቱም ማስጠፋቱም ይቀርልኝ ነበር።»

ዳይሬክተሯ ማጥፋቱ በደሉን የሚክስ መስሏት ነበር። እንዳልካሰው ያን ጊዜ ገባት፤ አብራቸው አለቀሰች።

ሥራዋን ስታስረክብ ለተተኪዋ ያወረሰችው አንድ ደንብ ነው፤ ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት የሟች ቤት ይኬዳል፣ ቤተሰቡ እምቢ ካለ ይተዋል። የደንቡ ጥቅም ሳይውል ሳያድር ታየ። ሁለት ቤተሰቦች እምቢ አሉና ቁስላቸው ሳይነካ ቀረ። አንዲት እናት ግን እሺ ብላ ፎቶውን ራሷ አመጣች፤ ልጇ ፀጉሩን ወደየት ያበጥር እንደነበር ለሠዓሊዎቹ እያሳየች ግድግዳው ሥር ዋለች። ሠዓሊዎቹም የማያውቁትን ፊት ከመገመት ዳኑ። ደንቡ ለሌላው ሁሉ ጠቀመ፤ ለልብስ ሰፊው ግን አልደረሰላቸውም።