ድንች የቆፈረ ጣት

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከጉና የወረዱ ሽማግሌ፣ ሌላው ኪቦርድ ጭኑ ላይ ያጋደመ ወጣት የሙዚቃ አስተማሪ።

«ልጄ፣ ፒያኖ የሚሉት ይህን ነው?»

«የእሱ ታናሽ ነው፣ አባባ። ቁልፎቹ ያው ናቸው።»

«በሕፃንነቱ ያልጀመረ ሰው አይሆንለትም፣ አይደል?»

«ማን ነገረዎት? አርባ የሞላቸው ተማሪዎች አሉኝ።»

«ጣቱ ረጅም ያልሆነስ?»

«የእኔን አያዩትም? አጭር ነው።»

ሽማግሌው እጁን ይዘው አገላብጠው አዩት።

«ድንች ሲቆፍር የደነደነስ?»

«ቀስ እያለ ይፍታታል። ለማን ነው የሚጠይቁት?»

«ለልጄ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከተማ የሚያስተምር ሰው አለና ልማር አለችኝ። ጊዜው አልፎብሻል፣ በዚህ ጣትሽ የሰው መሣቂያ ትሆኛለሽ አልኋት።»

«አሁን የት ናት?»

«ዓረብ አገር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱ ውስጥ ፒያኖ አለ፤ አቧራውን የምትወለውለው እሷ ናት። ማዳሟ በስልሳ ዓመቷ መማር ጀመረች ብላ ስትነግረኝ፣ የሀብታም ጣት ሌላ ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት።»

«ስትመጣ ወደ እኔ ይላኳት። አስተምራታለሁ።»

ሽማግሌው ከኪቦርዱ አንዱን ቁልፍ በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት።

«ስትደውል ግን ይህን ያልኸኝን አልነግራትም።»

«ለምን፣ አባባ?»

«አባቴ ያውቃል ብላ ነዋ የተወችው።»

እኔም ወረታ እስክንደርስ ድረስ ቁፋሮ ያደነደናቸውን እጆቼን ከጋቢዬ ሥር አላወጣኋቸውም።