የጋሽ ጠመኔ ጣት

ሄሎ... አቤት። ... እኔ ነኝ፣ ድምፄ ጠፋሽ እንዴ? ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ ነው ዝግ ያልኩት። ... አይ፣ ትምህርቱ ገና ነው፣ አስር ደቂቃ ይቀረዋል። መምህሩ ሳይገቡ ወንበር እያስተካከልኩ ነው። — ያንን ቦርሳ ከመተላለፊያው አንሱልኝ፣ ሰው ያደናቅፋል። እግዜር ይስጥልኝ። — እሺ ሚጢ፣ ንገሪኝ።

... ቅጹን አታስገቢልኝ ነው የምትዪው? ... ቆይ፣ ወደ ትምህርት የመመለሻሽን ቅጽ? ... ሚጢ፣ ምዝገባው እኮ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ካለፈ ሌላ ዓመት ቤት መቀመጥሽ ነው። ... እሺ፣ ሚጢ አልልሽም። ሃያ ሞልቶሻል፣ አውቃለሁ። ግን ታናሼ ነሽ፣ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

... አልተቆጣሁም። እኔ ስቆጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ... እሱ አይቆጠርም፣ አዲሱን ጫማዬን ባልዲ ውስጥ ከትተሽው ነበር።

... እስቲ ስሚኝ። አምና ስትወጪ መልቀቂያው ላይ፣ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፍሽ ታስታውሻለሽ? ... እኔ መቼም አልረሳውም። ሰው «በቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ያልፋል። አንቺ «መምህሩ በጣታቸው ስለሚያስተምሩ» ብለሽ ቁጭ። ... አትሳቂ። የሳቸው ረዳት እኔ፣ የጻፍሽው አንቺ። መግቢያ ነው ያጣሁት።

... አይ፣ ውሸት ነው አላልኩም። ሰሌዳውን በቁጥር ይሞሉና፣ «ይሄ ከዚያ ጋር ይደመርና እዚህ ጋ ይመጣል» ይሉ ነበር። ጣት ያየ ያያል፣ ያላየ ይቀራል። አንቺ ፊት ወንበር ተቀምጠሽ እንኳ ሰሌዳው ጭጋግ ነበር የሚሆንብሽ። ማታ ማታ ስታለቅሺ እሰማ ነበር እኮ፣ ምን ብዬ እንደምገባ ቸግሮኝ ነው።

... ቆይ፣ ወረቀቱን ሬጅስትራር ለሳቸው ላከላቸው። ... ጋሽ ጠመኔ፣ አዎ። ቀስ በይ፣ ያንን ቅጽል ስም እዚህ ጮክ አታስብዪኝ። አነበቡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው አነበቡት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ ነገ ሳስተምር በስልክሽ ቅጂኝ» አሉኝ። ... ቀዳኋቸዋ። ከዚያ ቢሯቸውን ዘግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሃምሳውን ደቂቃ አዳመጡት። ሲጨርሱ ምን አሉ መሰለሽ? «ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔም አልገባኝም።»

... ሄሎ? ... ትሰሚኛለሽ? ... የተቋረጠ መሰለኝ። ባትሪዬም ሊያልቅ ነው፣ ሳልሞላው ነው የወጣሁት።

... ወዲያው መች ተሳካላቸው። መጀመሪያ «ይሄ»ን በጩኸት ማለት ጀመሩ። አንድ ሳምንት ጉሮሯቸው ተዘግቶ ሰነበተ። ኋላ ነው ደንቡን ያወጡት፤ በጣታቸው ጠቁመው «ይሄ» ባሉ ቁጥር ተማሪው ጠረጴዛ ያንኳኳል። ... ሁሉም። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ አናጢ ቤት ነበር የሚመስለው። እሳቸው ላባቸውን እየጠረጉ «አመሰግናለሁ» ይሉና በቃል ይደግሙታል፤ «ግራፉ ላይ ከግራ ሦስተኛው ምሰሶ፣ ከሁሉም ረጅሙ» እያሉ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በተማሪ እየታረሙ። እኔ ብሆን እንኳን ሴሚስተር አንድ ቀን አልችለውም።

... ማስታወሻውንም ከትምህርቱ ሁለት ቀን ቀድመው ይልኩታል። ፎቶ አይደለም፣ ስልክሽ ሊያነብልሽ የሚችል ነው። ፈተናም የፈለገ ይጽፋል፣ የፈለገ ቢሮ ገብቶ በአፉ ያስረዳል። — እዚህ በሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ሕፃኑ ቢነሳብሽ ለመውጣት ይመችሻል። —

... ለአንቺ ብለው? ... እሱ ነው ያስፈራሽ? «ዓይነ ደካማዋ መጣች፣ እዘኑላት» እንዳይባል? ... አይባልም። ማንም ማን እንደሆንሽ አያውቅም። አሁን የገባችው ተማሪ ልጇ ሲያለቅስ ይዛው ትወጣለች፣ የቀረውን እኔ በየቀኑ ከምቀዳው ድምፅ ትሰማለች። ኋላ የሚቀመጠው የጥበቃ ሠራተኛ ከአዳር ሥራ በቀጥታ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ያንቀላፋል፣ አውቶቡስ ውስጥ ያዳምጣል። ለሁሉም ነው የተዘጋጀው። ምን አለፋሽ፣ ዓይኔ ደህና የሆነው እኔ ራሴ ትምህርቱ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ... ረዳታቸው ሆኜ፣ አዎ። ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ።

... መጡ። — ደህና አደሩ መምህር። ... አዎ፣ እሷ ናት። ... እነግራታለሁ። — ወረቀትሽ እስካሁን መሳቢያቸው ውስጥ ነው አሉ። ... አይ፣ አላገናኝሽም፤ እሳቸውም እንደኛው ዓይን አፋር ናቸው።

... እሺ። አታስገቢ ካልሽ አላስገባም፣ ያንቺ ነገር ነው። ግን ድምፁን ከፍቼ ስልኩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው። ትንሽ አዳምጪና ራስሽ ወስኚ። ... ጎሽ።

...

... ሰማሽ? አንኳኩባቸው። ... ዝም በይ አሁን፣ ቀጥለዋል።

...

... ሚጢ? ... አንቺ ነሽ ያንኳኳሽው? ... እዚህማ ማንም አላንኳኳም፣ «ይሄ» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ አልፏቸዋል። — አዎ መምህር፣ ከዚህ ነው። ከስልኩ። — ... ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «አመሰግናለሁ» አሉሽ። ሰማሻቸው? ... እኔ? አላለቀስኩም፣ ሰው ፊት ነኝ። ... ቅጹስ? ... እርግጠኛ ነሽ? ... እሺ። እንደወጣሁ ሮጬ አስገባዋለሁ። ... እሺ፣ ሚጢ አል—

... ሄሎ? ... ሄሎ?

— ባትሪው ነው መምህር፣ እሷ አልዘጋችም። ሰኞ መጥታ እዚሁ ታንኳኳለች።